ቀዝቃዛ አስፋልት ክረምት ይችላል? ሱቄ በር ላይ የተደፈነው ጉድጓድ ሦስት ሳምንት አልቆየም

ባለሱቋ
ሐምሌ 8፣ ማታ 2:15

ሰላም እንዴት ናችሁ። ስለ መንገድ ጥገና የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ መልሱልኝ።

ሱቄ ወደ ሰፈር ውስጥ በሚገባ የአስፋልት መንገድ ዳር ነው ያለው። በሬ ፊት ለፊት ጉድጓድ አለ። አምና ክረምት የእንጀራ ሳህን ያህል ነበር፣ ዘንድሮ ሰኔ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አከለ። ሰኔ 16 ጠዋት በፒክአፕ የመጡ ልጆች ጆንያ ውስጥ ያለ ጥቁር ነገር አወረዱ። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ሮለር የለ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጉድጓዱ ውሃ ይዟል። ውሃውን በአካፋ ሁለት ሦስቴ ጨለፍ ጨለፍ አደረጉና ጥቁሩን ዘርግፈው፣ በአካፋ ጀርባ መታ መታ አድርገው ሄዱ። ሻይ ላቀርብላቸው ውሃ ጥጄ ነበር፤ ሳይፈላ ጨርሰዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠጠሩ እየተነቀለ ደጄ ላይ መበተን ጀመረ። በሳምንቱ ዳር ዳሩ ተከፈተ። አሁን ጉድጓዱ እንደነበረ ተመልሷል፣ እንዲያውም በአንድ ጎኑ ሰፍቷል። ትናንት ማታ አንድ ሞተረኛ ውሃ የተኛበት መንገድ መስሎት ገባበትና ወደቀ። ክርኑን ያጠብኩለት እኔ ነኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቀዝቃዛ አስፋልት የሚባለው ራሱ ነው የማይረባው ወይስ አሠራሩ? ስንት ጊዜ መቆየት ነበረበት?

የሚኒባስ ሹፌር
ሐምሌ 8፣ ማታ 3:02

እህቴ በእኔ መስመር ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ቤቴ ደረጃ ነው የማውቀው። በጆንያ የመጣ አስፋልት የተደፈነበት ሁሉ ከመስከረም በፊት ይከፈታል። በዚህ ክረምት ብቻ ሁለት ቸርኬ አጣሞብኛል፣ ባሌስትራም አሠርቻለሁ። የጎሚስታውን አልቆጥርልሽም።

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ወይ በደንብ በትኩሱ ይሠራ፣ ወይ ይተው። ባዶ ጉድጓድ ሰው ቅርንጫፍ ያቆምበታል፣ ከሩቅ ታየዋለህ። ግማሽ የተደፈነውን ግን አታየውም።

ፎርማን ነበርኩ
ሐምሌ 9፣ ጠዋት 1:20

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ አጠገብሽ ቆሜ ያየሁ ነው የመሰለኝ። 22 ዓመት አስፋልት ላይ ነው የኖርኩት፣ ግማሹን በፎርማንነት። ዕቃውን ገና አትኮንኚው። ሹፌሩ ወንድሜ፣ አንተም ትንሽ ታገሠኝ፣ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ትኩሱ አስፋልት ፋብሪካ ውስጥ ጠጠሩም ሬንጁም ወደ 150 ዲግሪ ሞቆ ነው የሚደባለቀው። በሸራ ተሸፍኖ ሳይት ይደርሳል። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በታች ከወረደ በኋላ ሮለር ቢመላለስበትም እንደሚገባው አይጠቀጠቅም። አንድ ገልባጭ ሙሉ ይዘሽ በየሰፈሩ የተበተነ ጉድጓድ ልትደፍኚ ብትወጪ፣ ገና ሥራው ሳይጋመስ ዕቃሽ ድንጋይ ይሆናል። በክረምት ደግሞ ጠጠሩ እርጥብ ነው፣ ለማድረቅ ብዙ ነዳጅ ይበላል፣ ዝናብ ሲጥል ሥራው ይቆማል። ቀዝቃዛው የመጣው ለዚህ ነው። ሬንጁ በላምባ ወይም በናፍጣ ይቀጥናል፤ ወይም ኢመልሽን ይሆናል፣ ማለትም ደቅቆ ውሃ ውስጥ ይበተናል። ስለቀጠነ ሳይሞቅ ይታሻል፣ በጆንያ ይቀመጣል፣ በአካፋ ይወጣል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያቀጠነው ነገር ወጥቶ ካላለቀ ሬንጁ አይጠነክርም። ላምባው መትነን አለበት፣ የኢመልሽኑ ውሃ ተለይቶ መድረቅ አለበት። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ የምናያት በስንት ቀን አንዴ ነው? ከላይ ዝናብ፣ ከታች ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ፤ በየት በኩል ይውጣ? ስለዚህ ክረምት ላይ የተደፈነ ቀዝቃዛ አስፋልት ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ነው የሚቆየው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን መኪና ይሄድበታል። ይህን ለስላሳ ዕቃ የሚያቆመው ሁለት ነገር ነው፦ ቀጥ ያለ ጠርዝና ጥቅጥቅ ማለቱ። ልጆቹ ሁለቱንም አልሰጡትም።

እኛ እንዴት እንሠራ እንደነበር ልንገርሽ። ጉድጓድ እንደተገኘ ክብ ሆኖ አይደፈንም። ዙሪያውን ጤነኛው አስፋልት እስኪገኝ ድረስ አራት ማዕዘን አድርገን በጠመኔ እናሰምራለን፣ ጠርዙን በማሽን ካልሆነም በመሮና በመዶሻ ቀጥ አድርገን እንቆርጣለን። ጠርዙ እንደ ሳህን ጠርዝ ካዘቀዘቀ የምትሞይው ዕቃ ወደ ጫፍ ሲሄድ ይሳሳል፣ መጀመሪያ የሚነቀለውም ያ የሳሳው ነው። አንቺም «ዳር ዳሩ ተከፈተ» ያልሽው እሱን ነው። ከዚያ ውሃው ይወጣል። መጨለፍ አይደለም፣ ማውጣት። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጨምቀን እናውቃለን። ጭቃውን እንጠርጋለን። ወለሉን በጣት ፈተግ አድርጎ ማየት ነው፤ ጣት ላይ አፈር ከመጣ ገና አልጸዳም። ከዚያ ታክ ኮት፣ ማለትም አዲሱን ከአሮጌው የሚያጣብቅ ቀጭን ሬንጅ፣ ስስ አድርጎ ግድግዳውንም ወለሉንም መቀባት ነው። ብዙ ካፈሰስሽበት ያንሸራትታል።

ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካለፈ በሁለት ንብርብር ነው የሚሞላው፣ እያንዳንዱ ለብቻው እየተጠቀጠቀ። መጠቅጠቂያ ማሽኑ መጀመሪያ ሲረግጠው ድምፁ ድፍን ያለ ነው፣ ሊጥ እንደመምታት። ሲበቃው ድምፁ ይደርቃል፣ ማሽኑ ራሱ መንጠር ይጀምራል፣ እጅሽ ላይ ይሰማሻል። ያኔ ነው የምታቆሚው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ጉድጓድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጆቹን አልወቅስም። በቀን ይህን ያህል ጉድጓድ ድፈኑ ተብለው የወጡ ናቸው፣ መጠቅጠቂያም አልተሰጣቸውም።

ስንት ይቆያል ላልሽው፦ እንዲህ ከተሠራ ክረምቱን አሻግሮ ትኩሱ እስኪመጣ ድረስ ይይዛል፣ መኪና ባልበዛበት ሰፈር ከዚያም በላይ ሲቆይ አይቻለሁ። እንደ እናንተው ከተሠራ ግን ያየሽውን ነው።

ላቦራቶሪ
ሐምሌ 9፣ ቀን 6:45

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ዕቃውም ነጻ አይውጣ። የአስፋልት ናሙና ስፈትሽ ነው የምውለው። ለቀዝቃዛ ድብልቅ ጠጠሩ የተፈጨ፣ ማዕዘን ያለው፣ ከሁሉም በላይ ንጹሕ መሆን አለበት። ደህና በሚባለው ድብልቅ ውስጥ ደቃቁ ብናኝ ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ይመከራል። ብናኝ የለበሰ ጠጠር ሬንጅ አይዝም፤ ሬንጁ የሚጣበቀው ብናኙ ላይ ነው፣ ውሃ ሲመጣ አብረው ይታጠባሉ።

ባለሱቋ፣ ደጅሽ ላይ የተበተነው ጠጠር አሁንም ካለ አንድ ሁለት አንሺና እዪው። ጥቁር ሆኖ ነው የተነቀለው ወይስ ግራጫው ድንጋይ ታይቷል? ጥቁር እንደሆነ ከተነቀለ ያልተጠቀጠቀ ነው፣ እርስ በርሱ አልተያያዘም። ግራጫው ከታየ ሬንጁ ተልጧል፣ እንግዲህ ዕቃው ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ሌላም ልጠይቅሽ። ጉድጓዱ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ስንት ይሆናል? ስንት ጆንያ ነው ያፈሰሱበት?

ባለሱቋ
ሐምሌ 9፣ ማታ 1:30

የጨርቅ ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። የአሁኑን ሳይሆን ዳሩ ላይ የቀረውን የጥገናውን ቅሪት ተከትዬ ለካሁ። 60 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ መሐሉ 7 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። ጆንያው ላይ 25 ኪሎ ይል ነበር፣ ባዶውን ጥለውት ስለሄዱ አለኝ። አንዱን ሙሉ አፈሰሱ፣ ሁለተኛውን ግማሽ አድርገው የቀረውን ጭነው ሄዱ።

ጠጠሩን አየሁት። ድብልቅልቅ ነው። ብዙው ጥቁር ነው፣ ግን በአንድ ጎኑ የተላጠም አለ።

ላቦራቶሪ
ሐምሌ 9፣ ማታ 2:10

ስለለካሽልን በጣም አመሰግናለሁ፣ ይህ ብዙ ነገር ይናገራል።

60 በ50 በ7 ማለት 0.021 ሜትር ኩብ ነው። በደንብ የተጠቀጠቀ ቀዝቃዛ አስፋልት በሜትር ኩብ 2.1 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ጉድጓድሽ 44 ኪሎ ይፈልግ ነበር። አንድ ጆንያ ተኩል 37 ኪሎ ተኩል ነው። ልቅ ሆኖ ሲፈስ ግን ያ 37 ኪሎ ጉድጓዱን እስከ አፉ ይሞላዋል። ለዚህ ነው ለዓይን የሞላ የመሰለው። መኪና ሲረግጠው ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። አንድ ሳንቲ ሜትር የጎደለ ሳህን ሆነ ማለት ነው። ሳህኑ ውሃ ያዘ። ቀሪውን ታውቂዋለሽ።

ሲሞላ ከመንገዱ በላይ ጉብ ብሎ መቅረት ያለበት ለዚህ ነው።

ከቨርጂኒያ
ሐምሌ 10፣ ንጋት 11:50

ከዚህ ከአሜሪካ ልጨምር። ሰሜን ቨርጂኒያ ነኝ፣ ስምንት ዓመት በመንገድ ጥገና ሠርቻለሁ። እዚህ ቀዝቃዛ አስፋልት የክረምት እንጀራችን ነው። ብርዱ ሲጠና ብዙዎቹ የትኩስ አስፋልት ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፣ ጉድጓዱ ደግሞ የሚበዛው ያኔ ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አስፋልቱን ገፍቶ ያነሳዋል። የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ 50 ፓውንድ ጆንያ፣ 23 ኪሎ ገደማ፣ ማንም ይገዛዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጋሼ ጋር ትንሽ እለያለሁ። 1991 ላይ እዚህ አገር ስትራቴጂክ ሀይዌይ ሪሰርች ፕሮግራም በሚባለው ሥር ትልቅ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። በአሜሪካና በካናዳ 8 ቦታዎች ላይ ከ1,200 በላይ ጉድጓድ በተለያየ ዕቃና በተለያየ አሠራር ተደፍኖ ለዓመታት ክትትል ተደረገለት። ብዙዎችን ያስገረመው ውጤት ይሄ ነው፦ ዕቃው ጥሩ እስከሆነ ድረስ ጠርዝ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ በማሽን የተሠራውና እንዲሁ ተሞልቶ በመኪና ጎማ የተረገጠው በአብዛኛው ቦታ እኩል ነው የቆዩት። 

ስለዚህ እኛ ብዙ ጊዜ ጠርዝ አንቆርጥም። ግን ልብ በሉ፣ «ጣል አድርጎ መሄድ» አይደለም። ከሞላን በኋላ ዕቃውን የጫነውን መኪና ራሱን ከ4 እስከ 8 ጊዜ እናመላልስበታለን። ስንጨርስ ከመንገዱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጉብ ብሎ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚጨምረው። ባለሱቋ፣ በፒክአፕ ነው የመጡት ብለሻል። ባዶ ፒክአፕ ቀላል ነው፣ ግን በዚያችው ሲወጡ ቢመላለሱባት ከአካፋ ጀርባ በእጅጉ ይሻል ነበር።

ሌላው፣ እዚህ ሒሳብ ሲሠራ የዕቃው ዋጋ ትንሹ ወጪ ነው። ሠራተኛው፣ መኪናው፣ ትራፊክ የሚያስቆመው ሰው፣ ይህ ሁሉ ይበልጣል። አንድ ጉድጓድ በክረምት ሦስቴ ከመመላለስ ውድ የሆነውን ድብልቅ አንዴ ማድረግ ይረክሳል።

ፎርማን ነበርኩ
ሐምሌ 10፣ ጠዋት 2:05

ልጄ፣ ደስ የሚል ነገር ነው ያመጣኸው፣ አልቃወምህም። ግን «ዕቃው ጥሩ እስከሆነ ድረስ» ያልካትን ከሥሯ አስምርባት። እናንተ ያ ድብልቅ ለዚያው አየር ታስቦ፣ ሬንጁ ከጠጠሩ እንዳይላጥ መድኃኒት ገብቶበት ነው የሚመጣላችሁ። እኛ ጋ አንዳንዴ የማገኘው በሳይት ላይ ከተረፈ ጠጠርና ከተረፈ ሬንጅ በላምባ የተለወሰ ነበር። እንዲህ ያለውን ይዤ ጠርዝ ሳልቆርጥ ብሠራ ኖሮ ሳምንት አይቆምም። ዕቃህን ካላመንክ አሠራርህን አጥብቅ፤ የኔ አካሄድ ይህ ነው።

ሬንጅ ደግሞ አገራችን ውስጥ አይወጣም፣ ሙሉ በሙሉ በዶላር የሚገባ ነው። በየሳምንቱ ጎርፍ የሚወስደው ጥገና ሳይ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

መሐንዲስ ተማሪ
ሐምሌ 10፣ ቀን 9:30

ይቅርታ፣ ግን ሁላችሁም ቀዝቃዛውን እየተከላከላችሁለት ነው። አየር የቋጠረ፣ ለስላሳ፣ ለመድረቅ ሳምንታት የሚፈጅ ነገር ለምን መፍትሔ ይባላል? አነስተኛ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ያለው መኪና ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ በትኩስ መሥራት አይቻልም ወይ? ክረምት ላይ ለማይሆን ነገር ገንዘብ ከማፍሰስ ጥቅምት ድረስ በጠጠር ሞልቶ መቆየት አይሻልም?

ላቦራቶሪ
ሐምሌ 10፣ ቀን 10:15

ማሞቂያ ያለው መኪና ቢኖር ማን ይጠላል። ግን ትኩስ አስፋልትም እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይነፋዋል፣ አይጣበቅም። ውሃው ለሁለቱም ጠላት ነው።

ጥቅምት ድረስ በጠጠር ብቻ ያልከው ላይ አልስማማም። የአስፋልት ሥራ ጎማ መሸከም ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ያለውን ቤዝ ኮርስ፣ ማለትም መንገዱን የሚሸከመውን የተጠቀጠቀ የጠጠር ንጣፍ፣ ከውሃ መሸፈንም ነው። ጠጠር ውሃ ያሳልፋል። ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ሲወርድበት ከከረመ ጥቅምት ላይ ያንን ጉድጓድ ሳይሆን ዙሪያውን ሁሉ ነው የምትቆፍረው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ከሥር ጥቁር አፈር ነው። ያ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንዴ ውሃ ካገኘው መንገዱን ከሥሩ ነው የሚያነሳው።

በመጥፎ አሠራር የተሠራ ቀዝቃዛ አይጠቅምም። ደህና የተሠራው ግን ሦስት ወር የሚያገለግል ጣሪያ ነው።

የሚኒባስ ሹፌር
ሐምሌ 10፣ ማታ 2:20

እኔ «ወይ ይተው» ያልኩትን አንስቻለሁ። ጣሪያ ነው ስትዪኝ ገባኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰፈር ውስጥ ሰው ራሱ የጡብ ስባሪና ቀይ አፈር እያመጣ ይሞላዋል። እኛም አድርገናል። ጥሩ ነው መጥፎ?

ፎርማን ነበርኩ
ሐምሌ 10፣ ማታ 3:00

በቅን ልቦና ነው ግን ተዉት። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ጭቃ ይሆናል፣ ጎማ ሲረግጠው ጭቃው ወደ ጎን ይገፋና ጤነኛው አስፋልት ሥር ይገባል። ከሥር ቦርቡሮ ያሰፋዋል። ለእኛም ሥራ ያበዛል፣ አስፋልት ከማድረጋችን በፊት ያንን ጭቃ ዝቀን ማውጣት አለብን። ግድ ከሆነ ንጹሕ ጠጠር ብቻ፣ አፈር የሌለበት፣ ለማስጠንቀቂያም የሚታይ ነገር አቁሙበት።

የጅቡቲ መስመር
ሐምሌ 11፣ ሌሊት 7:40

ሎጊያ አድሬ ነው የምጽፈው። ተሳቢ ነው የምነዳው። እናንተ ስለ ዝናብ ታወራላችሁ፣ እዚህ አፋር ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፣ አስፋልቱ ራሱ ከአየሩ ይበልጥ ይግላል። ቀዝቃዛ አስፋልት የተደፈነበት ቦታ ላይ ጎማዬ ሲያርፍ እንደ ማስቲካ ነው የሚሳበው። ከፊት የሄደው ተሳቢ ጎማ ላይ ተለጥፎ ተነስቶ 200 ሜትር ወዲያ ወድቆ አይቻለሁ። ለዚህ አገርም አንድ ዓይነት ጆንያ ነው እንዴ የሚያመጡት?

ላቦራቶሪ
ሐምሌ 11፣ ጠዋት 3:30

ወንድሜ በሰላም ግባ። መሆን የሌለበት እሱ ነው። ለደጋ ብርድ እንዲታሽ ተብሎ በብዙ ላምባ የቀጠነ ድብልቅ ቆላ ሲወርድ ይቀልጣል። ለቆላው ወፍራም ሬንጅ ያለው፣ የሚያቀጥነው ነገር ያነሰበት ነው የሚያስፈልገው። ጥሩነቱ፣ ቆላ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ሥራውን ምሽት ላይ ጨርሶ ላዩ ላይ ደረቅ አሸዋ መበተን ጎማ ላይ እንዳይለጠፍ ይረዳል።

ከዚያ ውጭ የእናንተ ጭነት አለ። 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገ የመንገድ ሙከራ የተገኘ ሒሳብ አለ፦ አንድ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ፣ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ገደማ ነው የሚያድገው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ነው። ባለሱቋ በር ላይ ባጃጅና ሚኒባስ የሚችለው ጥገና አንተ መስመር ላይ አንድ ቀን አይውልም።

ባለሱቋ
ነሐሴ 3፣ ማታ 1:50

ተመልሻለሁ። ብዙ ነገር ሆኗል።

ይህን ውይይት ለሰፈራችን ሰዎች አነበብኩላቸው። ጋሼ ስለ ውሃ የጻፉትን ስንሰማ ሁላችንም ወደ ቦዩ ነው ያየነው። ቦዩ በፕላስቲክና በአፈር ከተደፈነ ቆይቷል፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በሙሉ መንገዱ ላይ ነበር የሚወርደው። ቅዳሜ ጠዋት 14 ሆነን ወጥተን ከፈትነው። አንድ ሙሉ ፍራሽ አወጣንበት። በማግስቱ ሲዘንብ ውሃው በቦዩ ሲሄድ አየን፣ ጉድጓዱ ጋ የሚደርሰው ከበፊቱ በጣም ትንሽ ነው።

ከዚያ ለጥገናው ቡድን አመለከትን፣ ሐምሌ 27 መጡ። ያው ልጆች ናቸው! በዚህ ጊዜ ሻይ አደረስኩላቸው። ከእኔ በር ያለውና 30 ሜትር ወደ ታች ወረድ ብሎ ያለው ሌላ ጉድጓድ፣ ሁለት ነበር ሥራቸው። የሰፈሩ አናጺ መሮና መዶሻ አመጣ፣ የእኔን በር ጉድጓድ ጠርዝ አራት ማዕዘን አድርገን ቆረጥነው። ውሃውን በቡና ጆንያ ጨመቅነው። ጣቴን ፈተግ አደረግሁ፣ አፈር መጣ፣ እንደገና ጠረግን። ሁለት ጆንያ ሙሉ ገባ፣ በሁለት ንብርብር። መጠቅጠቂያ ስለሌለ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ለምነን ስምንት ጊዜ አመላለስነው። ሹፌሩ እግዜር ይስጠው። የታችኛውን ግን ዝናብ መጣና እንደ ድሮው አድርገው ሄዱ።

እስካሁን አንድ ሳምንት ነው። የታችኛው ጠጠሩን መትፋት ጀምሯል። የእኔው ጫፉ ላይ እንኳ አልተነካም።

ከቨርጂኒያ
ነሐሴ 4፣ ንጋት 12:10

ስምንቴ! እጅሽ ይባረክ። ጎማው ሁሉንም ቦታ እንዲረግጠው ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን እያለ ነው የሄደው ወይስ በአንድ መስመር? ለሚቀጥለው ልብ በይው።

ባለሱቋ
ነሐሴ 4፣ ጠዋት 3:00

በአንድ መስመር ነበር፣ ሦስት ጊዜ ከሄደ በኋላ አናጺው ጮኸበትና ወደ ጎን አለ።

ባለሱቋ
ጥቅምት 11፣ ማታ 2:30

ለምትከታተሉ። ክረምቱ አለፈ። የታችኛው ጉድጓድ ነሐሴ 20 ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። የእኔ በር አልተነቀለም። አንድ ጥግ ላይ፣ አይሱዙው በደንብ ያልረገጠው ይመስለኛል፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ዝቅ ብሏል። ሌላው ከመንገዱ እኩል ነው።

ነገ ደግሞ ትኩሱን ይዘው ሊመጡ ነው ተባልን፣ መንገዱን በሙሉ ላዩን ሊያለብሱት። ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅ፣ ይህን የእኛን ጥገና እንዲያው ላዩ ላይ ያድርጉበት ወይስ ይቆፈር? ያለፋንበት ስለሆነ እንዲቆፈር ሆዴ አልፈቀደም።

ፎርማን ነበርኩ
ጥቅምት 11፣ ማታ 3:15

ልጄ፣ ልፋታችሁ ሥራውን ሠርቷል፣ ከሥሩ ያለውን ቤዝ አድኖላችኋል። አሁን የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደርቋል ወይስ አልደረቀም? ላምባው ሳያልቅ ላዩ በትኩስ ከተዘጋ መውጫ ያጣል፣ ከሥር እንደለሰለሰ ይቀራል፣ አዲሱ አስፋልት በዚያ ቦታ ይሰምጣል። ነገ ፀሐይ ሞቅ ሲል አምስት ስድስት ሰዓት ላይ ባለ 10 ምስማር መሐሉ ላይ አቁመሽ በእጅሽ ተጫኚው። በመዶሻ አይደለም፣ በእጅ። ካልገባ ተዉት፣ ላዩ ላይ ይሠሩበት። ከገባ ይቆፈር።

ባለሱቋ
ጥቅምት 12፣ ቀን 7:10

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞከርኩት። መሐሉ ላይ አልገባም፣ መዳፌን አመመኝ። በዚያች ዝቅ ባለችው ጥግ ግን ግማሽ ጣት ያህል ገባ፣ ሳወጣውም ጫፉ ላምባ ላምባ ይሸታል። ለአለቃቸው ምስማሩን አሸተትኩት። ጥጓን ብቻ በጠመኔ አሰምሮ ቆፍረው እያወጧት ነው።